ላም አለኝ በሰማይ፦ ገና ስላልተጀመረ የቤዝቦል ዘመን

የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን በ2025 አንዲት ኳስ ሳይወረውር ከአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ 2ኛ ተባለ። ደረጃውን ያወጡት ዲ-ዋን ቤዝቦል የሚባሉት፣ ዓመቱን ሙሉ የኮሌጅ ቤዝቦልን ብቻ የሚከታተሉ ጋዜጠኞች ናቸው። ሜይ አልቆ ወደ ዋናው ውድድር የሚያልፉት 64 ቡድኖች ሲጠሩ ግን የቨርጂኒያ ስም የለም። ከእሱ በላይ 1ኛ የተባለው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምም የለም። አንደኛና ሁለተኛ ይሆናሉ የተባሉት ሁለቱ የሌሎችን ጨዋታ በቴሌቪዥን አዩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ጨዋታውም የእነሱ ነው።)

እነሆ ያ ሰሞን ደግሞ መጣ። ጥምቀት አልፎ፣ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት እየፋቅን፣ የ2026 ግምት አንድ በአንድ ይወጣል። ሃያ አምስቱ ምርጥ ቡድኖች ይደረደራሉ፤ የየኮንፈረንሱ፣ ማለት የየምድቡ አሰልጣኞች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ይጠበቃሉ የተባሉ ልጆች ስም ይዘረዘራል። እኔም አንዱም አይቀረኝም፤ የት ላይ እንደሚስቱ በልቤ እየገመትኩ ሁሉንም አነባለሁ። ምን ፈልጌ እንደማነብ ሳስበው ቆይቻለሁና ዛሬ እሱን ልጻፍ።

ቤዝቦልን የለመድኩት በሥራ ነው። እዚህ አገር እንደመጣሁ አንድ ሆቴል ውስጥ የማታ ፈረቃ ይዤ ነበር። ሎቢው ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ከካሊፎርኒያ የሚተላለፈውን ጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት ያሳያል፤ እንግዳ እንዳይረብሽ ድምፁ ተዘግቷል። ስለዚህ ሕጉን ያወቅኩት ከተንታኝ አፍ ሳይሆን ከተጫዋቾቹ ፊት ነው፤ ማን እንደተናደደ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ደግሞ ውጤቱን ከወዲሁ እንደሚያውቅ እያየሁ። በኋላ ልጄ ቻርለትስቪል ከተማ ያለው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የራሴ የምለው ቡድን አገኘሁ። እሷ ተምራ እስክትጨርስ ስታዲየሙን ረግጣ አታውቅም። «አባዬ፣ እዚህ የምትማረው አንተ ነህ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣበት ቤት የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የጊዮርጊስ ደጋፊ፣ ስለ ኳስ ሲወራ ቀልድ የማያውቁ ሰው። አምና ይሄን ጊዜ ደስ ብሎኝ «ዘንድሮ ሁለተኛ ነን» አልኳቸው።

«ከየት ሁለተኛ?»

«ከመላው አገር።»

«መቼ ጀመሩና?»

«ገና ናቸው። በሚቀጥለው ወር ነው የሚጀምሩት።»

«ታዲያ ማን ነው ሁለተኛ ያደረጋቸው?»

«ጋዜጠኞቹ ናቸው ጋሼ። የአምናውን አይተው።»

«የአምናዎቹ ልጆች አሉ?»

«የተወሰኑት አሉ። ሌሎቹ ሄደዋል፤ አዲሶችም ገብተዋል።»

ስኒያቸውን አስቀመጡና «እንግዲያው ሁለተኛ የወጣው ስማቸው ነዋ» አሉኝ።

ስለ ቅድመ ውድድር ግምት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ አጥሮ የተነገረ አላገኘሁም። የኮሌጅ ቡድን እንደ እግር ኳስ ክለብ አይደለም። ክለብ ሁለት ሦስት ሰው ይገዛል፣ ሁለት ሦስት ይሸጣል፣ የቀረው ያው ነው። የኮሌጅ ቡድን ግን በየክረምቱ ፈርሶ ይሠራል። የሜጀር ሊግ፣ ማለት የፕሮፌሽናሉ ሊግ ክለቦች በየጁላይ በ20 ዙር አዳዲስ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ፤ ሦስተኛ ዓመቱን የጨረሰ ወይም 21 ዓመት የሞላው የኮሌጅ ልጅ ሁሉ ለምርጫ ይቀርባል። ስለዚህ ጎበዙን ልጅ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያቆየው አሰልጣኝ ጥቂት ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስፈረመው ልጅም ቢሆን ያው ምርጫ ከደጃፉ ሊወስድበት ይችላል፤ ልጁ ግቢው መድረሱን የሚያውቀው ክረምቱ ሲጋመስ ነው። በዚያ ላይ ዝውውሩ አለ። በአንዱ ዩኒቨርሲቲ የሰለቸው ተጫዋች ስሙን ፖርታል በሚባለው የዝውውር መዝገብ ውስጥ ያስገባል፣ በመጪው ፌብሩዋሪ የሌላ ማሊያ ለብሶ ይወጣል። ከ2025-26 ጀምሮ ደግሞ አብዛኞቹ ትልልቅ ቡድኖች ከ34 ተጫዋች በላይ እንዳይዙ ተወስኗል፤ ድሮ 11.7 ብቻ የነበረውን የነፃ ትምህርት ዕድልም አቅሙ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለ34ቱም መስጠት ይችላል። ገንዘብ ያለው ይበልጥ ይገዛል፤ ቦታ ያጣው ልጅ ሌላ ቤት ያንኳኳል።

ታዲያ ገማቹ በእጁ ምን አለው? ባለፈው ዓመት ከተጫወቱት ስንቱ እንደተመለሱ ይቆጥራል። በመኸር እርስ በርስ የሚያደርጉትን ልምምድ ሄዶ ያያል። አሰልጣኞችን ስልክ ደውሎ ይጠይቃል፤ በጥር ወር «ዘንድሮ ደካሞች ነን» የሚል አሰልጣኝ ካለ ደግሞ አሳዩኝ። ከሁሉም በላይ ግን የመቺዎች ነገር ያታልላል። ዱላ የያዘ ልጅ አምና ጥሩ ከመታ ዘንድሮም መምታቱ አይቀርም ማለት ይቻላል። ቨርጂኒያም በ2025 2ኛ የተባለው፣ በ2024 የመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ለዋንጫ የሚጫወቱባት ከተማ ኦማሃ ድረስ ከሄደው ቡድን በርከት ያሉ መቺዎች ስለተመለሱለት ነው። ኳሷን የሚወረውረው ፒቸር ግን ሌላ ነገር ነው። ክንድ ነው፤ ክንድ ደግሞ ያልታሰበ ቀን ይታመማል።

የኮሌጅ ቤዝቦል ሳምንት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ከአንድ ቡድን ጋር ሦስት ጨዋታ፣ ለሦስቱም የተለያየ ፒቸር። የዓርቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከጀርባው የሜጀር ሊግ መልማዮች የፍጥነት መለኪያቸውን ይዘው ይደረደሩለታል። የቅዳሜውም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። እሑድን የሚጀምረው ልጅ ማን እንደሆነ በፌብሩዋሪ አሰልጣኙም በእርግጠኝነት አያውቅም፤ ዓመቱን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አንድ የመክፈቻ ሰሞን እሑድ የቨርጂኒያ ሜዳ በሆነው ዲሻሩን ፓርክ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። ጾም ገብቷልና ሆትዶጉን በሽታው እያለፍኩ ኦቾሎኒ እፈለፍላለሁ። (ቤዝቦል ለጾመኛ የተመቸ ጨዋታ መሆኑን የሚናገርለት የለም እንጂ፣ ኦቾሎኒውና ጊዜው የትየለሌ ነው።) የሚጀምረው የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ነው፤ ረጅም፣ አንገቱ ገና ያልጠነከረ። ከፊቴ አንድ ሰው ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ውርወራ በእርሳስ ይመዘግባል፤ ከአቀማመጡ አባቱ መሆኑ ያስታውቃል። ልጁ የመጀመሪያውን መቺ በሦስት ውርወራ ሸኘው። አባትየው ጻፈ። ሁለተኛው አራት ኳስ ሳይነካ ቆሞ አሳለፈና ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነፃ ሄደ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ልጁ ኳሷን እያገላበጠ ስፌቷን በጣቱ ይፈልጋል፤ ጣቶቹ ላይ ይተነፍሳል፤ ኳሷን የሚቀበለው ካቸር የሚሰጠውን ምልክት አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ በራሱ ንቅናቄ እምቢ ይላል። ከካቸሩ በ18 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ብቻውን ቆሟል። አራተኛውን መቺ ትከሻው ላይ በኳስ ሲለው አባትየው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ደብተሩን ዘጋው።

ከዚያ አሰልጣኙ ወጣ፤ አላወጣውም። አንድ ነገር ተናግሮት ተመለሰ። የሚቀጥለው መቺ መሬት ለመሬት መታት፣ ድርብ አውት ሆነ፣ በአንድ ምት ሁለት ሰው ወጣ፤ ቤዝ ላይ ከቆሙት ከሦስቱ አንዱም ነጥብ ሳያስቆጥር ቀረ። አባትየው ደብተሩን መልሶ አልከፈተውም፤ እስከ አምስተኛው ኢኒንግ ድረስ እጁን ጉያው ውስጥ ቀብሮ ነው ያየው። ይህ ልጅ በየትኛውም የቅድመ ውድድር ዝርዝር ላይ አልነበረም፤ የቡድኑ 20ኛ ወይም 40ኛ መሆን ግን ያን ጠዋት በእሱ ጣት ላይ ነበር።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ከ2023 እስከ 2025 በየዓመቱ 1ኛ ተብለው የተነሱትን ተመልከቱ። በ2023 ኤልኤስዩ፣ ማለት የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ፖል ስኪንስን ከአየር ኃይል አካዳሚ፣ ቶሚ ዋይትን ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት አምጥቶ፣ ከራሱ ዲላን ክሩዝ ጋር አሰለፈ፤ ይወስዳል ተባለ፣ ወሰደ። በ2024 ዌክ ፎረስት ነበር። በዚያው ክረምት በሜጀር ሊግ ምርጫ 2ኛ የወጣው ቼዝ በርንስና 4ኛ የወጣው ኒክ ከርትዝ በአንድ ማሊያ እየተጫወቱ፣ ሬጅናል ከሚባለው፣ አራት አራት ቡድን ከሚገጥምበት የመጀመሪያ ዙር አላለፈም። በ2025 ደግሞ ኤ ኤንድ ኤም፣ በ30 ድልና በ26 ሽንፈት፣ ሬጅናሉም ውስጥ አልገባም። አንዱ ዋንጫ አነሳ፣ አንዱ በር ላይ ወደቀ፣ አንዱ በሩንም አላየው።

የኤ ኤንድ ኤምን ነገር ስታዩት ደግሞ ይገርማል። በ2024 ከቴነሲ ጋር ለዋንጫ ተጫውተው በሦስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ ተሸነፉ። አሰልጣኛቸው ጂም ሽሎስናግል በማግስቱ ተነስቶ ወደ ባላንጣቸው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ረዳት የነበረው ማይክል ኧርሊ ተተካ፣ የኮከቦቹ ብዙዎቹ ቀሩ፣ ደጋፊው እፎይ አለ። ገማቾቹ የቆጠሩት የቀሩትን ነው። የሄደውን ነገር የሚቆጥሩበት ዓምድ የላቸውም።

ገማቾቹን ብቻ መውቀስ ግን አግባብ አይደለም። ዘመኑ ሙሉ ተጫውቶ ካለቀ በኋላ፣ 56 ያህል ጨዋታ ታይቶ፣ የውድድሩ ኮሚቴ 64ቱን ሲደለድል 1ኛ ብሎ የሚያስቀምጠው ቡድን አለ። ከ1999ኙ ማያሚ በኋላ 1ኛ ተብሎ ገብቶ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ቡድን የ2024ቱ ቴነሲ ነው። በመሃል የነበሩት ሁሉ ቀርተዋል። ያው ቴነሲ በ2022 ዘመኑን 57 አሸንፎ 9 ብቻ ተሸንፎ ጨረሰ፤ ከዘጠኙ ሁለቱን ግን ኦማሃ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ለኖተርዳም፣ እዚያው በራሱ ሜዳ አስረከበ። የዚያን ዓመት ዋንጫ ያነሳው ኦል ሚስ የሚባለው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በማርች 1ኛ ተብሎ፣ ከዚያ በኮንፈረንሱ 7 አሸንፎ 14 እስከ መሸነፍ ወርዶ፣ በመጨረሻው ወንበር ተንጠልጥሎ የገባ ቡድን። ግንቦት ላይ የማይታወቅ ነገር ጥር ላይ ከየት ይታወቃል?

አሁን ወደ ራሴ ቡድን። የሚያንገበግበኝ ሒሳብ ይኸውላችሁ። የ2025ቱ ቨርጂኒያ 32 አሸንፎ 18 ተሸነፈ። ከመቶ 64 ማለት ነው። ቤቱ ቀረ። የ2015ቱ ቨርጂኒያ ወደ ዋናው ውድድር ሲገባ 34 አሸንፎ 22 ተሸንፎ ነበር። ከመቶ 61 አይሞላም። ያ ቡድን የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ።

2015 ላይም ብዙ ይጠበቅ ነበር፤ በ2014 ለዋንጫ ደርሶ በቫንደርቢልት የተሸነፈ ቡድን ነውና። ጆ መካርቲ ዘመኑ ሳይጀመር ጀርባውን ቀዶ ሕክምና አደረገ። የዓርቡ ፒቸር ኔተን ከርቢ በሚያዝያ ተጎድቶ ወጣ። ቡድኑ እየተንገዳገደ በሬጅናሉ ሦስተኛ ሆኖ ካሊፎርኒያ ሌክ ኤልሲኖር ተላከ፤ ከአራት ቡድን ሦስተኛ ማለት አጃቢ ማለት ነው። ሳይሸነፍ ወጣ። ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ ሜሪላንድ ውድድሩን 1ኛ ሆኖ የገባውን ዩሲኤልኤን ጥሎ ነበርና፣ ሁለቱ ቻርለትስቪል ላይ ተገናኙ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወዳጆቼ ሜሪላንድ ጎረቤታቸው ስለሆነ እስካሁን ይህን ሳነሳባቸው ይከፋቸዋል። ቨርጂኒያ አለፈ። ኦማሃ ላይ እንደገና ቫንደርቢልት ገጠመው፤ የመጨረሻውን ጨዋታ የዘጋው ከጉዳቱ የተመለሰው ከርቢ ነው።

እና 34 ለ 22 ገብቶ 32 ለ 18 እንዴት ይቀራል? መልሱ ኮሚቴው ቡድኖችን ሲመዝን የሚያየው አርፒአይ የሚባል ስሌት ውስጥ ነው። ቡድኑ ራሱ ያሸነፈው የሚይዘው 25 ከመቶ ብቻ ነው። 50 ከመቶው የተጋጣሚዎቹ ውጤት፣ የቀረው 25 የተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ውጤት ነው። በሜዳ የተገኘ ድል 0.7 ሲቆጠር ከሜዳ ውጭ የተገኘው 1.3 ይቆጠራል። ደካማ ቡድን በማርች ቤትህ ጠርተህ ብታሸንፍ ደስ ይልሃል እንጂ አይጠቅምህም፤ አንዳንዴም ይጎዳሃል። የጨዋታ መርሐ ግብሩ ደግሞ የሚታሰረው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ሁለተኛ የተባለ ቡድን ማንን እንደሚገጥም ተስፋው አይመርጥለትም።

ነገር ግን ሒሳቡ ብቻ አይደለም የሚያንገበግበኝ። 32 ለ 18 ለብዙ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ዓመት ነው፤ ከበሮ ባያስመታም አንገት አያስደፋም። ቻርለትስቪል ላይ ግን ለቅሶ ቤት ሆነ። ልጆቹ የተለኩት ከተጋጣሚዎቻቸው ጋር አልነበረም፤ ጥር ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ነበር። ይህን እኛ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም። በፓሪስ ኦሊምፒክ በሪሁ አረጋዊ በ10 ሺህ ሜትር ብር ሲያመጣ፣ ስንቶቻችን ነን ሜዳሊያውን ከማየታችን በፊት «ወርቁ አመለጠን» ያልነው? ርቀቱ የእኛ ነው ብለን ቀድመን ስለወሰድነው፣ ልጁ ሮጦ ያመጣውን እንደተወሰደብን ቆጠርነው። የቅድመ ውድድር ግምት ትልቁ ሥራው ይህ ይመስለኛል። በሰኔ ስለሚሆነው ብዙም አይነግርህም። በሰኔ በምን እንደምታዝን ግን ከወዲሁ ይወስንልሃል።

ኤልኤስዩን ለዚህ ነው የማከብረው። 1ኛ ተብሎ ተነስቶ 1ኛ ሆኖ መጨረስ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። የ2023 ፍጻሜ ላይ ፍሎሪዳ በሁለተኛው ጨዋታ 24 ለ 4 ቀጠቀጣቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር በቤዝቦል ሲሰማ ሰው ይስቃል። በማግስቱ ወጥተው 18 ለ 4 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ከዚያ ስኪንስ በሜጀር ሊግ ምርጫ 1ኛ፣ ክሩዝ 2ኛ ሆነው ሄዱ፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ተከታትለው የወጡ ከዚያ በፊት አልነበሩም። 24 ለ 4 በተሸነፉበት ሌሊት ሆቴላቸው ውስጥ ምን ተባባሉ? ማንም እንደማይገምተው ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ያለው ነው።

የቨርጂኒያ ነገር ግን በ32 ለ 18 አላበቃም። ከ2004 ጀምሮ ቡድኑን ይዞ ሰባት ጊዜ ኦማሃ ያደረሰው ብራያን ኦኮነር ዘመኑ እንዳለቀ ወደ ሚሲሲፒ ስቴት ሄደ። ከተጫዋቾቹም የተከተሉት አሉ። አንዳንድ ደጋፊ ከዳን ይላል። እኔ አልልም፤ ሃያ ሁለት የውድድር ዘመን ያስተማረ ሰው ሌላ ቦታ ልሞክር ቢል መብቱ ነው። በእሱ ቦታ ክሪስ ፖላርድ ከዱክ መጣ። ዱክ ኦማሃ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው በመሪ ስቴት የተሸነፈ ቡድን ነው፤ መሪ ስቴት ደግሞ በሬጅናሉ ከአራቱ አራተኛ ተብሎ የገባ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልጻፈው ትንሽ ዩኒቨርሲቲ። ፖላርድም የዱክ ልጆቹን ይዞ መጣ። ስለዚህ የዘንድሮው ቨርጂኒያ ሲሶው የቀረ፣ ሲሶው ከዱክ የመጣ፣ ሲሶው ገና ስሙን የምንለማመደው ነው ብትሉ ከእውነቱ ብዙም አትርቁም። እንዲህ ያለውን ቡድን ቁጥር ሰጥቶ ማስቀመጥ ድፍረት ነው።

እኔ ግን ደፋር ነኝ፤ ላም በሰማይ ማርባት የለመደ ሰው አንድ ተጨማሪ አይከብደውም። ግምቴ ይኸው። መቺዎቹ እስከ ማርች መጨረሻ አይግባቡም፤ አፕሪል ላይ ይነሳሉ። ዓርብን በብዛት ያሸንፋሉ። የእሑዱን ፒቸር ግን ሦስት አራት ልጅ ሞክረው ነው የሚያገኙት፤ የሚያገኙትም አሁን ፎቶው በየትም ያልወጣ ልጅ ይሆናል። ወደ 64ቱ ይገባሉ፤ ሬጅናሉን ቤታቸው አያስተናግዱም፤ ወደ ደቡብ አንድ ሞቃት ከተማ ተልከው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆነው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልገምትም። ኦማሃ ከደረሱ የአውሮፕላን ትኬቱ በእኔ ነው ብዬ ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ እሷም «መጀመሪያ ቲኬቱን ግዛ፣ ከዚያ እናያለን» ብላለች።